ከጎተራ የተረፈ ከሰል፦ የድንጋይ ከሰልን ማን ለማን ይሸጣል?

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ከሰል ልንገዛ ስንሄድ እናቴ ቀድማ ዋጋ አትጠይቅም ነበር። መጀመሪያ ከማዳበሪያው ሁለት ቁራጭ ታወጣለች። ታጋጫቸዋለች። ካቃጨለ የግራር ነው፤ ይገዛል። ድምፁ ከታፈነ ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ የባሕር ዛፍ ነው። «ይሄ አንድ ቡና ሳያፈላ ያልቃል» ትልና ወደሚቀጥለው ሻጭ እንሄዳለን። የምትገዛው ሙቀቱን ነበር።

ያንን ድምፅ ያስታወሰኝ ስለ ሌላ ከሰል ሳነብ ነው። ከመሬት ስለሚቆፈረው የድንጋይ ከሰል። ስለ እሱ በዜና የምንሰማው ነገር ግራ ያጋባል። አንድ ቀን «የድንጋይ ከሰል ዘመን አበቃ» ይባላል። በሌላ ቀን «በታሪክ ከፍተኛው መጠን ተቃጠለ» እንሰማለን። ሁለቱም ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም። ብሪታኒያ በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ላይ በድንጋይ ከሰል የሚሠራውን የመጨረሻ የኃይል ማመንጫዋን ዘጋች። በዚያው ዓመት ግን ዓለም 8.8 ቢሊዮን ቶን ገደማ ተጠቀመች። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ተጠቅማ አታውቅም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን ዜናዎች ለማስታረቅ ንግዱን ማየት ያስፈልጋል። ማን ይልካል? ማን ይገዛል? መንገዱስ ለምን ተቀየረ?

የድንጋይ ከሰል ከእኛ ከሰል በምን ይለያል?

የእኛ ከሰል እንጨት ነው። ተቆርጦ፣ አፈር ለብሶ፣ በቂ አየር ሳያገኝ በቀናት ውስጥ ይከስላል። የድንጋይ ከሰልም መነሻው ተክል ነው። ግን ረግረግ ውስጥ ወድቆ፣ አፈርና ድንጋይ ተጭኖት፣ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ጠጥሮ የተሠራ ነው። ብዙ የቆየውና በጥልቀት የተጫነው ውኃው ወጥቶለት ጠንካራና ጥቁር ይሆናል። ብዙ ያልቆየው ቡናማና እርጥብ ይሆናል፤ ሊግናይት የሚባለው እሱ ነው። በዚያኛው ጫፍ ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው፣ አንትራሳይት ይባላል። ለንግድ የሚቀርበው አብዛኛው በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ። አንደኛው ለኃይል ማመንጫና ለፋብሪካ ምድጃ የሚሆነው ነው። ይነዳል፣ ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ሁለተኛው ለብረት የሚሆነው ነው። እሱ መጀመሪያ አየር በሌለበት ይጋገርና ኮክ የሚባል ቀዳዳ የበዛበት ጠንካራ ነገር ይሆናል። ኮኩ ከብረት አፈር ጋር ትልቅ ምድጃ ውስጥ ይገባና ብረቱን ነጥሎ ያወጣል። ከዓለም ብረት 70 በመቶ ያህሉ እስካሁን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ለሚሠራ አንድ ቶን ብረት ሦስት አራተኛ ቶን ያህል የድንጋይ ከሰል ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሀገር መብራቱን ሙሉ በሙሉ ከፀሐይና ከነፋስ ቢያገኝ እንኳ፣ ብረት የሚያቀልጥ ከሆነ ከዚህ ገበያ በቀላሉ አይወጣም።

አንድ ቶን ከአንድ ቶን ይለያል እንዴ?

በጣም። እናቴ ሁለት ቁራጭ የምታጋጨው ለዚህ ነበር። ኢንዶኔዥያ በብዛት የምትሸጠው የድንጋይ ከሰል በኪሎ 4,200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት የሚሰጥ ነው። ከአውስትራሊያው የኒውካስል ወደብ የሚጫነው ደህናው ዓይነት 6,000 ይሰጣል። አሥር ቶን የኢንዶኔዥያው የሰባት ቶን የአውስትራሊያውን ሙቀት ነው የሚሰጠው ማለት ነው። ቀሪው እርጥበት ነው። ገዢው ለዚያም ውኃ የመርከብ ኪራይ ይከፍላል።

«ትልቋ ላኪ ማን ናት?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ የሚሰጠው ከዚህ የተነሳ ነው። በክብደት ከሆነ ኢንዶኔዥያ ናት፤ በ2023 ከ500 ሚሊዮን ቶን በላይ ልካለች። በገንዘብ ከሆነ ግን አውስትራሊያ ትመራለች። የምትልከው 350 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። ነገር ግን ብረት አቅላጮች የሚፈልጉትን ውዱን ዓይነት በባሕር ከሚሸጡት ሁሉ አንደኛዋ እሷ ናት። ዋጋ በናረበት በ2022/23 የበጀት ዓመት ከሁለቱም ዓይነት ከ100 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አስገብታለች። ዜና ላይ «ቀዳሚ ላኪ» የሚል ሲያጋጥማችሁ በምን እንደተለካ አብራችሁ ፈልጉ።

ብዙ የሚያመርት ሀገር ብዙ ይሸጣል?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የጉዳዩም እምብርት ይኸው ነው።

የገጠር ጎተራን አስቡ። ገበሬው ጤፉን ያስገባል። አብዛኛውን ቤተሰቡ ይበላዋል። ገበያ የሚወጣው የተረፈው ነው። ታዲያ ትልቅ ጎተራ ያለው ቤት ብዙ በላተኛ ካለበት ገበያ ላይ ምንም ላያወጣ ይችላል። እንዲያውም ከገበያ ይሸምታል። ትንሽ ጎተራ ያለው፣ በላተኛ የሌለበት ቤት ግን ዋና ሻጭ ይሆናል።

የድንጋይ ከሰልም እንደዚሁ ነው። በዓለም ላይ ከሚመረተው ውስጥ ድንበር የሚሻገረው 1.5 ቢሊዮን ቶን ያህሉ ብቻ ነው። ከስድስት እጅ አንዱ ገደማ። የተቀረው እዚያው በተቆፈረበት ሀገር ይነዳል። ቻይና ብቻዋን ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ ታወጣለች። ግን በላተኛዋ ብዙ ነው። በ2024 ከ4.7 ቢሊዮን ቶን በላይ አምርታ፣ አልበቃ ብሏት 540 ሚሊዮን ቶን ያህል ከውጭ ገዛች። የዓለም ትልቋ አምራችም ትልቋ ገዢም እሷ ናት።

ካላት ለምን ትገዛለች? አንዱ ምክንያት ርቀት ነው። የቻይና ማዕድን በብዛት ያለው በሰሜን ነው። ብዙ ፋብሪካ ያለው ደግሞ በደቡብ ጠረፍ ነው። ከሰሜን በባቡር ወደብ አድርሶ፣ እንደገና በመርከብ ወደ ደቡብ ከማጓጓዝ አንዳንዴ ከኢንዶኔዥያ መግዛቱ ይረክሳል። ፎገራ ሩዝ ሞልቶ ሳለ ለድሬዳዋ ነጋዴ በጅቡቲ የገባው ሊቀርበው እንደሚችለው ማለት ነው።

አሁን ይህን ስሌት ልብ በሉልኝ። የቻይና ምርት አንድ በመቶ ማለት ወደ 48 ሚሊዮን ቶን ነው። የደቡብ አፍሪካው ግዙፉ የሪቻርድስ ቤይ የድንጋይ ከሰል ወደብ በ2023 ዓመቱን ሙሉ የላከው 47 ሚሊዮን ቶን ነበር። ቻይና ውስጥ ምርት አንድ በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ የአንድ ትልቅ አፍሪካዊ ላኪ የዓመት ሥራ ያህል ግዢ ከገበያው ላይ ተነሳ ወይም ተጨመረ ማለት ነው። ገበያው የሚኖረው ከጎተራ በተረፈው ላይ ስለሆነ፣ ጎተራው ጋ ትንሽ ነገር ሲነካ ገበያው ይናወጣል። በ2021 መገባደጃ ቻይና ውስጥ መብራት በፈረቃ ሲሆን የዓለም ዋጋ ወዲያው የተተኮሰው ለዚህ ነው።

ላኪዎቹ እነማን ናቸው?

ከኢንዶኔዥያና ከአውስትራሊያ ቀጥላ ሩሲያ አለች፤ በዓመት 200 ሚሊዮን ቶን ገደማ ትልካለች። ከዚያ አሜሪካ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኮሎምቢያ፣ ሞንጎሊያ፣ ካናዳ ይመጣሉ። ከአፍሪካ ሞዛምቢክም አለች፤ የሞአቲዜ ማዕድኗ በማላዊ በኩል አቋርጦ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ በባቡር ተጉዞ ናካላ ወደብ ይደርሳል።

ኢንዶኔዥያ እዚህ የደረሰችው ዕቃዋ ደህና ስለሆነ አይደለም። መንገዷ ቅርብ ስለሆነ ነው። የቦርኔዎ ደሴት ላይ ያሉት ብዙዎቹ ማዕድኖች ለወንዝ ቅርብ ናቸው። ከጉድጓዱ የወጣው ከሰል በገልባጭ መኪና ወንዝ ዳር ይወርዳል። እዚያ ሞተር የሌለው ሰፊ ጠፍጣፋ ጀልባ ይጠብቀዋል። በላዩ ላይ እስከ 8,000 ቶን ድረስ እንደ ጥቁር ኮረብታ ይቆለልበታል። አንዲት ትንሽ ጎታች ጀልባ በገመድ እየሳበች በማሃካም ወንዝ ቁልቁል ታወርደዋለች። ባሕሩ ላይ ትልቁ መርከብ መልሕቅ ጥሎ ቆሟል። ተንሳፋፊ ክሬን ከጀልባው እያፈሰ መርከቡ ውስጥ ይገለብጣል። ባቡር የለም። አንዳንዴ ወደብ እንኳ አያስፈልግም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደቡብ ቻይና ይደርሳል።

አንድ መካከለኛ የጭነት መርከብ 75,000 ቶን ይይዛል። 40 ቶን በሚጭን ከባድ መኪና ቢመለስ ከ1,800 መኪና በላይ ነው። የመኪኖቹን ሰልፍ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። መርከበኞቹም ሥራቸው ከባድ ነው። ይህ ዕቃ ታምቆ ሲቆይ ራሱን በራሱ ማሞቅ ይችላል፤ በተለይ እርጥቡና ለጋው ዓይነት። ስለዚህ በጉዞ ላይ የጋዙንና የሙቀቱን መጠን ሳይሰለቹ ይለካሉ።

ገዢዎቹስ?

ጉዞው ወደ ምሥራቅ ዞሯል። በአንድ ቃል እስያ ናት። ቻይና፣ ህንድ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ታይዋን፣ ቬትናም። የኤውሮፓ ድርሻ እየሳሳ መጥቷል። ስለዚህ ለንደን ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር ወገናችን «የድንጋይ ከሰል አብቅቷል» ቢል በዓይኑ ያየውን ነው የሚናገረው። ሃኖይ ወይም ሙምባይ ያለ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። መጀመሪያ ላይ ያነሳናቸው ሁለት ዜናዎች የሚታረቁት እዚህ ጋ ነው።

ይህ መዞር በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። በ1913 የዓለም ትልቋ ላኪ ብሪታኒያ ነበረች፤ ከ70 ሚሊዮን ቶን በላይ ወደ ውጭ ሸጣለች። ካርዲፍና ባሪ የተባሉት የዌልስ ወደቦች ሀብታቸው ይኸው ነበር። ያቺው ብሪታኒያ በ2015 መጨረሻ ላይ የመጨረሻውን ጥልቅ ማዕድኗን ዘጋች።

ፖለቲካ ሲገባበት ምን ይሆናል?

ሦስት አራት ታሪኮች ልንገራችሁ። ከቁጥር ይልቅ እነሱ ያስረዳሉ።

በ2020 አውስትራሊያና ቻይና ተቃቃሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የቻይና ገዢዎች የአውስትራሊያን የድንጋይ ከሰል እንዲተዉ በቃል ተነገራቸው። በይፋ የወጣ አዋጅ አልነበረም። የተጫኑት መርከቦች ግን ወደቡ ፊት ለፊት ቆመው ቀሩ። «ጃግ አናንድ» የምትባለው መርከብ ከጁን 2020 ጀምሮ ጂንግታንግ ወደብ አጠገብ ስትጠብቅ፣ 23 ህንዳውያን መርከበኞች ለወራት መሬት ሳይረግጡ ቆዩ። ወደ ቤት የመሄድ ፈቃድ የለም። ጭነቱን የማራገፍ ፈቃድም የለም። በጃንዋሪ 2021 ወደ ጃፓን ሄደው ከመርከቧ እንዲወርዱ ተፈቀደላቸው። ስለ ንግድ ጦርነት ሲወራ እነዚያን ሰዎች አስባለሁ። የሁለት መንግሥታት ኩርፊያ ሂሳብ በእነሱ ላይ ወደቀ።

የአውስትራሊያስ ሽያጭ ቆመ? አልቆመም። ህንድ፣ ጃፓንና ኮሪያ ገዙት። ቻይና ደግሞ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሩሲያና ከሞንጎሊያ ገዛች። ውኃ አንድ ቦይ ሲዘጋበት በሌላ እንደሚወርደው ዕቃው መንገድ ቀየረ። በ2023 መጀመሪያ ንግዱ ተመለሰ።

ሁለተኛው የኤውሮፓና የሩሲያ ነው። የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የኤውሮፓ ኅብረት ከውጭ ከሚገዛው የድንጋይ ከሰል 45 በመቶ ያህሉ የሩሲያ ነበር። በኤፕሪል 2022 እገዳ ተጣለ። ኦገስት 10 ላይ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። ኤውሮፓ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ኮሎምቢያና አሜሪካ ሮጠች። ሩሲያ ደግሞ ዋጋ ቀንሳ ወደ ቻይናና ህንድ ዞረች። በአጭሩ ሻጭና ገዢ ተለዋወጡ። ዋጋው ግን መከራ ነበር። በ2020 አጋማሽ የኒውካስሉ ዋጋ ለቶን 50 ዶላር አካባቢ ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ከ400 ዶላር አለፈ።

ሦስተኛው የላኪዋ የራሷ መብራት ጉዳይ ነው። በጃንዋሪ 2022 ኢንዶኔዥያ ወደ ውጭ መላክ ለወሩ ከለከለች። ለምን? አምራቾች ከምርታቸው 25 በመቶውን ለሀገር ውስጥ የማቅረብ ግዴታ ነበረባቸው። ለመብራት ኃይሉ የተተመነው ዋጋ ለቶን 70 ዶላር ነበር። ውጭ ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ይከፈላል። ነጋዴው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። የዓለም ትልቋ ላኪ የራሷ ማመንጫዎች ክምችታቸው ተሟጦ ሊጠፉ ደረሱ። ጎተራ ያለው ቤት ልጆቹ ሳይበሉ ሊያድሩ ነበር። ክልከላው በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ተነሳ። ጃፓንና ኮሪያ ግን ያንን ወር አይረሱትም።

አራተኛው እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንን ይመለከታል። ሐዴራና አሽቀሎን የሚኖር ሰው በባሕሩ ዳር የቆሙትን የማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ያውቃቸዋል። ሁለቱም የድንጋይ ከሰል ሲጠቀሙ የኖሩ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኮሎምቢያ ነበር የሚመጣው። በኦገስት 2024 የኮሎምቢያው ፕሬዚዳንት ጉስታቮ ፔትሮ በጋዛ ጦርነት ምክንያት ወደ እስራኤል እንዳይላክ በድንጋጌ ከለከሉ። ቀድሞ የተፈረመ ውል ከክልከላው ውጭ ስለነበር ሁሉም ነገር ወዲያው አልቆመም። እስራኤል በበኩሏ ማመንጫዎቹን ወደ ጋዝ እያዞረች ነበር።

ከሰሉ ተቆፍሮ መላክ ለምን ያቅታል?

ይህ ጥያቄ ለደቡብ አፍሪካውያን ቁስል ነው። እንደ አፍሪካዊ እኔንም ያመኛል።

ሪቻርድስ ቤይ በ1976 ሥራ የጀመረ፣ በዓመት 91 ሚሊዮን ቶን መላክ እንዲችል የታነጸ ወደብ ነው። ማዕድኑ ያለው ምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር ነው። ከዚያ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ባቡር እስከ 200 ፉርጎ ይጎትታል። ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ሌቦች የመዳብ ሽቦውን ቆርጠው ወሰዱት። ተሠራ፤ ደግመው ቆረጡት። የባቡር ሞተሮቹም መለዋወጫ አጡ።

ስለዚህ በ2022፣ ዋጋው በታሪክ በናረበት ዓመት፣ ኤውሮፓ «ስጡኝ» እያለች በምትለምንበት ጊዜ፣ ወደቡ የላከው 50 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 47 ሆነ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው። ነጋዴዎች በከባድ መኪና እስከ ሞዛምቢኩ ማፑቶ ድረስ ማመላለስ ጀመሩ። መንገዱ ተሰባበረ፣ ድንበሩ ተጨናነቀ። ከሰሉ ነበር። ገዢው ነበር። የጠፋው ሽቦ ነው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁም የቅርብ ምሳሌ አላችሁ። ማርች 26 ቀን 2024 ዳሊ የተባለች መርከብ የባልቲሞርን ድልድይ ገጭታ ስትጥል ስድስት ሠራተኞች ሕይወታቸው አለፈ። ያ ወደብ በ2023 አሜሪካ ወደ ውጭ ከላከችው የድንጋይ ከሰል ከሩብ በላይ የሚሆነውን ያስተናገደ ነው። የመርከብ መተላለፊያው ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ጁን ላይ ነበር። በመካከሉ ህንድ ያሉ ገዢዎች ሌላ ሻጭ መፈለግ ጀምረው ነበር። ህንድ ውስጥ የአሜሪካው ከሰል ከሚነድባቸው ቦታዎች አንዱ የጡብ ምድጃ ነው። ሜሪላንድ ላይ የወደቀ ድልድይ ህንድ ያለ ጡብ ጋጋሪን ይነካል።

ጭሱ በማን ስም ይመዘገባል?

የድንጋይ ከሰል ሲነድ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ይበልጥ የምድርን ሙቀት የሚጨምረውን ጋዝ ያወጣል። ታዲያ አንድ ሀገር ቆፍሮ ቢሸጥና ሌላው ቢያነደው ተጠያቂው ማን ነው? በተባበሩት መንግሥታት አሠራር ጋዙ የሚመዘገበው በነደደበት ሀገር ስም ነው። ሻጩ ላይ የሚመዘገበው ሲቆፍርና ሲያጓጉዝ ያወጣው ብቻ ነው። አውስትራሊያ በራሷ መዝገብ ላይ ጭሷን እየቀነሰች መርከቦቿን ሙሉ ጭና መላክ ትችላለች። አሠራሩ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ይረዳል። ግን ስለ ሻጩ ብዙ ነገር ሳይናገር ያልፋል። በኔ ግምት የአንድን ሀገር የአየር ንብረት ሪፖርት ስታነቡ የወጪ ንግዱን ቁጥር ከጎኑ አስቀምጡት። ያኔ ሥዕሉ ይሞላል።

እኛን ምን አገባን?

ብዙ። ጉዳዩም የቆየ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መርከብ የሚሄደው በድንጋይ ከሰል ነበር። በየመንገዱ ከሰል የሚቀዳበት ማረፊያ ያስፈልገው ነበር፤ እንደ ዛሬ ነዳጅ ማደያ። ብሪታኒያ በ1839 ኤደንን ስትይዝ ለዚህ ነው በፍጥነት ማደያ ያደረገችው። በኅዳር 1869፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ወር፣ ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ የአሰብን ባሕረ ሰላጤ ከአካባቢው ሱልጣኖች ገዛ። ምክንያቱ የከሰል ማረፊያ ነው ተባለ። በ1882 መንግሥቱ ተረከበው። ፈረንሳይም በኦቦክ፣ በኋላም በጅቡቲ የተደላደለችው ብሪታኒያ ኤደን ላይ ለጦር መርከቦቿ ከሰል መስጠት ካቆመች በኋላ ነበር። ዛሬ ስለ ባሕር በር ስንከራከር የምናነሳቸው ስሞች መነሻቸው ላይ የከሰል ክምር አለ።

አሁን ደግሞ ወደ ሲሚንቶ እንምጣ። ኢትዮጵያ መብራቷን የምታገኘው በአብዛኛው ከውኃ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ግን የኖራ ድንጋዩን 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ አቃጥሎ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ጠጠር) ማድረግ አለበት። ለዚያ የድንጋይ ከሰል ያስፈልገዋል። ፋብሪካዎቻችን ለዓመታት ከደቡብ አፍሪካ ሲገዙ ነበር። በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ሽቅብ።

ስለዚህ ከላይ ያወራነው ሁሉ ቤታችን ገብቷል። በ2022 ኤውሮፓ የደቡብ አፍሪካን ገበያ ስትሻማ የኛ ፋብሪካዎች እዚያው ገበያ ላይ ነበሩ። በጀርመን ዋጋ መወዳደር ነበረባቸው፤ ያውም በማይገኝ ዶላር። በዚያ ጊዜ ሲሚንቶ የጠፋውና የተወደደው በዚህ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። የጸጥታ ችግር፣ የመለዋወጫ እጦት፣ የስርጭቱ ውዝግብ ነበሩ። ግን ቤት ጀምሮ ግድግዳ ላይ የቆመ ሰው ከምክንያቶቹ አንዱ ባሕር ማዶ እንደነበር ማወቅ ይገባዋል።

ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች የሀገር ውስጡን እንዲጠቀሙ መንግሥት ሲገፋ ቆይቷል። ከሰሉ አለን። ዳውሮ፣ ያዮ፣ ጅማ አካባቢ ደልቢና ሞዬ፣ ጎንደር ጭልጋ። ችግሩ ብዙ አመድ አለው፤ አንዳንዱ ድኝም አለው። ስለዚህ መታጠብ አለበት። ከሰል ከድንጋይ ይቀላል። ተፈጭቶ ከበድ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ከሰሉ ይንሳፈፋል፣ ድንጋዩ ይዘቅጣል፤ ምስር ስናጥብ ጠጠሩ ከሥር እንደሚቀረው። ለዚህ የሚሆኑ የማጠቢያ ፋብሪካዎች እንዲገነቡ ለኩባንያዎች ፈቃድ ተሰጥቷል።

ታዲያ ገበያው አሁን ወዴት እየሄደ ነው? በ2025 የመጀመሪያ ስድስት ወራት የቻይና ግዢ ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ በ11 በመቶ ቀነሰ። የራሷ ምርት ጨምሯል፤ የፀሐይና የነፋስ ኃይልም በገፍ እየገባላት ነው። ህንድም በ2024/25 የበጀት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ አምርታ ከውጭ የምትገዛውን ቀንሳለች። ሁለቱ ትልልቅ ጎተራዎች ሲሞሉ የኢንዶኔዥያም የደቡብ አፍሪካም ሻጭ ገዢ ፍለጋ ይወጣል፤ የኒውካስሉም ዋጋ በ2025 ወደ 100 ዶላር አካባቢ ወርዶ ነበር። ይህ ለሙገርና ለደርባ የሲሚንቶ ምድጃ ደግ ዜና ነበር። ለዳውሮው ከሰል አጣቢ ግን አልነበረም። እሱ ሥራውን ያሰላው የውጩ ውድ ሆኖ ሳለ ነው። ጅቡቲ ላይ የሚራገፈው ከሰል በረከሰ ቁጥር ከተራራው ላይ በጭቃ መንገድ የሚያወርደውን ዕቃ ፋብሪካው በር ላይ በዚያ ዋጋ ማድረስ ይጠበቅበታል።